የታንክ ሰንሰለት ምን ዓይነት ቀለም አለው?
ብረት፣ ዝገትና የሮቤ ጭቃ በአነስተኛ ሞዴል ላይ

ከካርቶን፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የታንክ ወይም የዶዘር ሞዴል ሠርቶ የሚያውቅ ተማሪ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አካሉ በጥንቃቄ ተለክቶ፣ ተቆርጦና ተቀብቶ ካለቀ በኋላም ሞዴሉ አሻንጉሊት መምሰሉን አይተውም። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከታች፣ በሰንሰለቱ ላይ ነው። ሠሪው ሰንሰለቱን ወይ ድፍን ጥቁር፣ ወይ ብርማ፣ አለበለዚያም ከዳር እስከ ዳር የዝገት ቀለም ይቀባዋል። እውነተኛው ሰንሰለት ግን ከሦስቱ አንዱንም ብቻውን አይመስልም።

ታዲያ የሰንሰለት ቀለም ምንድን ነው? ጥያቄው የሥዕል ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን የሚገኘው በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስና በአፈር ሳይንስ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰንሰለት ለምን እንደተፈለሰፈ፣ ብረቱ የት እንደሚዝግና የት እንደሚያብረቀርቅ፣ አፈር ቀለሙን እንዴት እንደሚለውጥ፣ በመጨረሻም ይህን ሁሉ በአነስተኛ ሞዴል ላይ እንዴት ማሳየት እንደሚቻል እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው መሬት የአርሲዋ ሮቤ (የባሌዋን ሮቤ ማለታችን አይደለም) ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር የመጀመሪያ ሞዴላችንን አበላሽቶብን ብዙ ነገር ስላስተማረን፣ ታሪኩን ወደ መጨረሻው እናነሣዋለን።

ሰንሰለት ለምን አስፈለገ?

ባለሰንሰለት ተሽከርካሪ በጦር ሜዳ ከመዋሉ በፊት በእርሻ መሬት ላይ ተፈትኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1904 አሜሪካዊው ቤንጃሚን ሆልት በካሊፎርኒያ ግዛት በስቶክተን ከተማ አቅራቢያ የአንድ ትራክተርን የኋላ ጎማዎች አውጥቶ በምትካቸው ሰንሰለት አጠለቀ። የአካባቢው አፈር ለስላሳ ስለነበር ከባድ ትራክተሮች እየሰመጡ አስቸግረው ነበር። ከ12 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 15 ቀን 1916፣ ይኸው ሐሳብ በፈረንሳይ የሶም ጦርነት ላይ ታንክ ሆኖ ብቅ አለ።

በሀገራችን ታሪክ ታንክ በስፋት የታየው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር፣ ደምበጉና በተባለው መተላለፊያ፣ የራስ እምሩ ሠራዊት ከ3 ቶን ብዙም የማይበልጡትን የጣሊያን ቀላል ታንኮች ድል ማድረጉ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ ጦር እንደ ኤም-41ና ኤም-47 ባሉት የአሜሪካ ታንኮች፣ ቀጥሎም እንደ ቲ-55 ባሉት የሶቪየት ታንኮች ተጠቅሟል።

የሰንሰለቱን ጥቅም በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። ቲ-55 ወደ 36 ቶን ይመዝናል። እያንዳንዱ ሰንሰለት 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን መሬት የሚነካው ክፍል ርዝመት 384 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሁለቱ ሰንሰለቶች ንክኪ በድምሩ ወደ 44,500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 36,000 ኪሎ ግራም ለዚህ ስፋት ሲካፈል በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.8 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚሆን አንድ እግሩ ቢቆም 0.4 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ብረት በመሬቱ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በአንድ እግሩ ከቆመ ሰው ግፊት እጥፍ ብቻ ነው።

ይህ ስሌት ለቀለም ቀቢውም ትርጉም አለው። ሰንሰለት ከመሬት ጋር የሚነካካው በብዙ ቦታ በመሆኑ ከመሬቱ ብዙ ይወስዳል፤ አፈሩ ይለጠፍበታል፣ አሸዋው ይሞርደዋል፣ እርጥበቱ ያዝገዋል። ስለዚህ የሰንሰለት ቀለም ተሽከርካሪው የት እንደነበረና ምን ሲሠራ እንደቆየ የሚናገር መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

ለአርሲ ተማሪ መዝገቡን ለማንበብ ታንክ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላን ማዕከል ያደረገው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት (ካዱ) ከተቋቋመ በኋላ በአካባቢው ትራክተር እየተስፋፋ መጣ። ዛሬ የአርሲ ስንዴ ማሳዎች በኮምባይነር ይታጨዳሉ። እነዚህ በአብዛኛው ባለጎማ ናቸው። መንገድ በሚሠራበት ቦታ የሚታዩት ዶዘርና እስካቫተር ግን ከታንክ ሰንሰለት ጋር በመርሕ ረገድ አንድ የሆነ ሰንሰለት አላቸው። ሞዴላችን ታንክ ቢሆንም መምህራችን ዶዘር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መመልከት የሚገባው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ኦፕሬተሩን አስፈቅዶ መሆኑን እናሳስባለን።

ብረቱ የት ይዝጋል፣ የት ያብረቀርቃል?

ሰንሰለት በፒን የተያያዙ የብረት ሰሌዳዎች ስብስብ ነው። በብዙ ታንኮች ሰሌዳዎቹ የሚሠሩት እንግሊዛዊው ሮበርት ሀድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1882 ካገኘው የማንጋኒዝ ብረት ነው። ከ12 በመቶ በላይ ማንጋኒዝና 1 በመቶ ያህል ካርቦን የያዘው ይህ ቅይጥ ሲመታና ሲጨፈለቅ ገጹ ይበልጥ እየጠነከረ ይሄዳል። ሌላው አስገራሚ ጠባዩ ማግኔት የማይስበው መሆኑ ነው። ሆኖም ከዝገት አያመልጥም።

ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ኦክስጅንና ውሃ ሲገናኙ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይፈጠርም። ቀለሙም አንድ ወጥ አይደለም። ትናንት ዝናብ የነካው፣ ቀድሞ ያብረቀርቅ የነበረ ብረት ዛሬ ጠዋት ደማቅ ብርቱካንማ ሆኖ ይገኛል። ሳምንታት ሲያልፉ ቀለሙ ወደ ቡና ዓይነት ይጠቁራል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ ጥቁር ቡናማ ይሆናል። ከሥሩ፣ ኦክስጅን በቀላሉ በማይደርስበት ንብርብር፣ ጥቁሩ የብረት ኦክሳይድ ማግኔታይት ሊገኝ ይችላል።

በየዕለቱ በሚሠራ ተሽከርካሪ ላይ ዝገት ሁሉንም ቦታ ሊይዝ አይችልም። ሰበቃ በሚበዛበት ገጽ ላይ ዝገቱ ገና ሳይወፍር ይጠረጋልና። የሚሰበቁት ቦታዎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው መሬቱን የሚቧጥጠው የሰሌዳው የውጭ ሸንተረር ነው። ሁለተኛው ተሸካሚ ጎማዎች የሚንከባለሉበት የውስጥ ገጽ ነው። ሦስተኛው ሰንሰለቱ ከመስመር እንዳይወጣ በጎማዎቹ መካከል ወይም በዳራቸው የሚያልፈው ቀንድ መሰል መሪ ነው። አራተኛው ባለጥርሱ አሽከርካሪ ጎማ የሚነክስበት ቦታ ነው። እነዚህ እንደ ማረሻ ጫፍ ያብረቀርቃሉ። ከሸንተረሮቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ቦታ፣ የፒኖቹ ዙሪያና የሰሌዳው ጠርዝ ግን ዝገትና አፈር ይዘው ይቀራሉ።

ማረሻን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት እርሻ የዋለ ማረሻ ጫፉ መስተዋት ይመስላል፤ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበት ወገን ግን የዛገ ነው። ሰንሰለትም የሚከተለው ይህንኑ ሕግ ነው።

አንድ ልዩነት አለ። እንደ ኤም-47 ባሉት የአሜሪካ ታንኮች ላይ መሬት የሚነካው ክፍል ጎማ የተለበጠ ሊሆን ይችላል። ጎማ አይዝግም፣ አያብረቀርቅም፤ በአቧራ የደበዘዘ ግራጫማ ጥቁር ነው። እንዲህ ባለው ሰንሰለት ላይ ብርማ መልክ የሚገኘው በመጋጠሚያዎቹና በመሪ ቀንዶቹ ላይ ብቻ ነው። የቲ-55 ዋነኛ ሰንሰለት ግን ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። ስለዚህ ቀለም ከመቀባት በፊት የሞዴሉን ዓይነት ማወቅ ግድ ይሆናል።

አፈሩስ ምን ይጨምራል?

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በስንዴ አምራችነቷ የታወቀች የአርሲ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሜዳማ መሬት በብዛት በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ቨርቲሶል ይባላል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል። የኩሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ዝርያዎችን ከሚፈትንባቸው ቦታዎች አንዱ ሮቤ ነው። በክረምት ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ስንዴን እንዴት እንደሚጎዳ እዚያ በግልጽ ይታያልና።

የዋልካ ጠባይ የሚመነጨው ስሜክታይት ከተባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረቡ እጅግ ስስ ንብርብሮች አሉት። ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ይለያያሉ፣ አፈሩም ያብጣል፤ ውሃው ሲወጣ ይጠጋጋሉ፣ አፈሩም ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። በበጋ በጥቁር አፈር ማሳ ላይ ጣት ብቻ ሳይሆን ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የምናየው ለዚህ ነው። እርጥብ ዋልካ በጫማም በሰንሰለትም ላይ እየተለጠፈ ይወፍራል፤ በየሸንተረሩ መካከል ሞልቶ ሰንሰለቱን ለስላሳ ጥቅልል ያስመስለዋል።

ቀይ አፈር ሌላ ታሪክ አለው። ውሃ በሚያሳልፈው ተዳፋት ላይ የሚገኘው ይህ አፈር ቀለሙን ያገኘው ሄማታይትና ጎታይት ከተባሉ የብረት ኦክሳይዶች ነው። ጎታይት በዝገት ውስጥም የሚገኝ ማዕድን ነው። ቀይ አፈርና ዝገት የሚመሳሰሉት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ያደረገው ውል ውጤቶች ናቸው። ስለዚህ በሚገባ የተነፋ ቀይ አፈር ለሞዴል ሠሪ በነጻ የተገኘ የዝገት ቀለም ነው።

እርጥብ አፈር ከደረቁ ለምን ይጠቁራል? ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላው ሲሻገር የሚበታተነው በሁለቱ የስብረት ኢንዴክሶች ልዩነት መጠን ነው። የአየር 1፣ የውሃ 1.33፣ የብዙዎቹ የአፈር ማዕድናት ደግሞ 1.5 ገደማ ነው። አፈሩ ደረቅ ሲሆን በቅንጣቶቹ መካከል ያለው አየር በመሆኑ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ብዙ ብርሃን ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ውሃ የአየርን ቦታ ሲይዝ ልዩነቱ ይጠብባል። ብርሃኑ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባና በዚያው ይዋጣል። ስለዚህ ደረቅ ዋልካ ግራጫማ፣ እርጥቡ ግን ጥቁር ይመስላል። በአንድ ሰንሰለት ላይ ሁለቱንም ማሳየት ይቻላል፤ ዳር ዳሩ የደረቀ ግራጫ፣ በጎድጓዳው የቀረው እርጥብ ጥቁር።

የመስፈርት ጉዳይ

ብዙዎች ታንክን የሚሠሩት በ1:35 መስፈርት (ስኬል) ነው። 58 ሴንቲ ሜትር የነበረው የቲ-55 ሰንሰለት ስፋት በሞዴሉ ላይ 16.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭቃ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የአፈር ቅንጣት ግን ከሞዴሉ ጋር አብሮ አያንስም። 1 ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት በሞዴሉ ላይ የ3.5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ሆና ትታያለች። የሸክላ ቅንጣት ግን ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በ35 ቢባዛ እንኳ 0.07 ሚሊ ሜትር ነው፣ ይኸውም በዓይን ለይቶ ለማየት ያዳግታል። ስለዚህ አፈሩን በስስ ጨርቅ ወይም በሻይ ማጥለያ ደጋግሞ መንፋት የግድ ነው።

የርቀት ጉዳይም አለ። ሞዴሉን ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስናየው እውነተኛውን ታንክ ከ10.5 ሜትር ላይ ሆነን እንዳየን ይቆጠራል። ከዚያ ርቀት እያንዳንዱ የዝገት ነጠብጣብ አይለይም፤ የሚታየው የብዙ ነጠብጣቦች ድምር ቀለም ነው። በሞዴል ላይ እጅግ ደማቅ ብርቱካንማና እጅግ ብሩህ ብርማ የማያምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አቀባቡ

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ አንድ ውሳኔ ይወሰን፤ ተሽከርካሪው ዛሬ ሲሠራ የዋለ ነው? ሳምንት የቆመ ነው? ወይስ ከዓመታት በፊት የተጣለ? ዛሬ የሠራው ብርማ ጠርዝና እርጥብ ጭቃ ይኖረዋል። ሳምንት የቆመው በጠርዙ ላይ ስስ ብርቱካንማ ሽፋን፣ በጎድጓዳው ደረቅ ጭቃ ይኖረዋል። የተጣለው ግን ምንም የሚያብረቀርቅ ቦታ የሌለው፣ ጥቁር ቡናማ ነው።

አንደኛ፣ መሠረታዊ ቀለም። ጥቁር ቀለምን ከቡናማና ከጥቂት ግራጫ ጋር ቀላቅሎ ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ መቀባትና አንድ ቀን ማድረቅ። ድፍን ጥቁር መጠቀም አይገባም፤ ጥላው ከቀለሙ ተለይቶ እንዲታይ ያስፈልጋልና።

ሁለተኛ፣ ስስ ቀለም ማፍሰስ። መሠረቱ የውሃ ቀለም ከሆነ ቡናማ የዘይት ቀለምን በአኳራጅ እጅግ አቅጥኖ በብሩሽ ጫፍ ወደ መጋጠሚያዎቹ ማስጠጋት ነው። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ፈሳሽን የሚስበው ኃይል ቀለሙን ራሱ ወደ ጎድጓዳው ይወስደዋል። አኳራጅ ተን ስላለውና በቀላሉ ስለሚቀጣጠል መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳትም ርቆ ይሠራ።

ሦስተኛ፣ ዝገት። የተነፋ ደረቅ ቀይ አፈርን በለስላሳ ብሩሽ በጎድጓዳ ቦታዎችና በፒኖቹ ዙሪያ ጥቂት በጥቂት መነስነስ። የሚበዛው ከሚያንሰው ይልቅ ያበላሻል።

አራተኛ፣ ጭቃ። ይህን ከዚህ በታች እንመለከተዋለን።

አምስተኛ፣ ብርማው ገጽ። ለዚህ ብርማ ቀለም አያስፈልግም፤ ለስላሳ እርሳስ በቂ ነው። የእርሳሱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ፈጭቶ ዱቄቱን በጣት ሸንተረሮቹ ላይ ማሸት ነው። በእርሳሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት በንብርብሮቹ ላይ በነጻ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች ስላሉት እንደ ብረት ያብለጨልጫል፤ ብልጭታው ግን የደበዘዘ በመሆኑ ለ10 ሜትር ርቀት የተስማማ ነው። የሚታሸው ከላይ የጠቀስናቸው አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው።

ሮቤ ያስተማረችን ትምህርት

በመጀመሪያው ሙከራችን እነዚህን ደረጃዎች ተከትለን አምረን ደረስን፤ የቀረን ጭቃው ነበር። እውነተኛ ይሁን በማለት ከሮቤ ማሳ ጠርዝ ያመጣነውን እርጥብ ዋልካ ከእንጨት ኮላ ጋር ለውሰን በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለጠፍነው። ማታ ላይ እጅግ አስደሳች ነበር። በማግስቱ ስንጥቅ ታየ። በሦስተኛው ቀን ጭቃው እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላቀቀ፤ ያን ሁሉ ቀን የደከምንበትን ዝገትና መሠረታዊ ቀለም ጭምር ይዞ ረገፈ።

መጀመሪያ ኮላውን ወቀስን። ጥፋቱ ግን የኛ ነበር፤ በበጋ ማሳውን የሚሰነጥቀው ኃይል በሞዴላችን ላይም እንደሚሠራ መገመት ነበረብን። አፈሩ ሲደርቅ ተሸበሸበ፤ ሰንሰለቱ ግን አልተሸበሸበም። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ውጥረት ከኮላው ጥንካሬ በለጠ። የሚያስገርመው ስንጥቆቹ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበራቸው። በ35 ሲባዙ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ይህም በበጋ የጥቁር አፈር ማሳ ላይ የሚታይ ስፋት ነው። እኛ የታንክ ሰንሰለት ልንሠራ ፈልገን የሮቤን ማሳ ሠርተን አገኘነው።

መፍትሔውን የነገሩን ጭቃ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምርጊት እንዳይሰነጠቅ ጭድ ይጨመርበታል፤ ጭዱ ጭቃውን ሰንጎ ይይዛል፣ መሸብሸቡንም ይቀንሳል። በሁለተኛው ሙከራ ዋልካውን አድርቀን፣ ፈጭተንና ነፍተን ከተነፋ ሰጋቱራ ጋር እኩል ቀላቀልነው። አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ አቅጥነን በስሱ ከቀባን በኋላ ዱቄቱን ነሰነስንበት። አንዱ ንብርብር ሲደርቅ ሌላውን ጨመርን። አራት ስስ ንብርብር አንድ ወፍራም ንብርብር ያላገኘውን ዕድሜ አገኘ። የሰጋቱራው ቃጫም በጭቃ ውስጥ የተጣበቀ የስንዴ ገለባ መሰለ። እርጥብ መምሰል ያለበትን ጎድጓዳ ስፍራ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ ነካ አደረግነው፤ ቫርኒሹ በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ የአየርን ቦታ ስለሚይዝ ከላይ ያየነው የማጥቆር ሥራ ይሠራል።

ማጠቃለያ

ለሰንሰለት አንድ የቀለም ቁጥር ለመስጠት አይቻልም። ቀለሙ ብረቱ ከምን ጋር እንደተሰበቀ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመና በየትኛው አፈር ላይ እንደሄደ ይወሰናል። ይህን የተረዳ ተማሪ ሌላ ሰው የቀባውን መገልበጥ አያስፈልገውም፤ በሰፈሩ ያለውን ዶዘር፣ በቤቱ ያለውን ማረሻ፣ በጫማው ሥር ያለውን አፈር ተመልክቶ መቀባት ይችላል።

ሞዴሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አፈሩ ግን በየዓመቱ ከገበሬው ጋር የሚታገል አፈር ነው። በጥቁር አፈር ላይ ውሃ እንዳይተኛ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣው፣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ በሀገራችን የተሠራው ይህንኑ ጠባይ በመረዳት ነው። በ3 ሚሊ ሜትር ጭቃ የተሸነፍን እኛ በሄክታሮች ላይ ይህን አፈር ለሚያርሱት ያለን አክብሮት ጨምሯል። ውድ አንባቢያን፣ እናንተም በአካባቢያችሁ ያለውን አፈር ነፍታችሁ፣ ቀላቅላችሁና አድርቃችሁ እንድትሞክሩት እንጋብዛለን። ቢሰነጠቅም ተስፋ አትቁረጡ፤ ስንጥቁን ለኩና በ35 አባዙት፤ ከዚያም በበጋ ወደ ማሳ ወጥታችሁ አመሳክሩት።